«አንድ ደቂቃ ብቻ»፦ በበራችን ላይ ስለሚቆሙ መኪኖችና ስለ ልጆቻችን መንገድ አቋራረጥ

ከጠዋቱ 1፡10 እስከ 1፡35 ባለው ጊዜ የትምህርት ቤታችን በር ምን እንደሚመስል የማያውቅ ወላጅ የለም። (የስዋሂሊ ሰዓት አቆጣጠር እንደ እኛው በመሆኑ፣ እዚህ ናይሮቢ ይህን ሰዓት ለአስካሪውም ለማታቱ ሾፌሩም ማስረዳት አያስቸግርም።) ከዋናው መንገድ ወደ ግቢያችን የምታስገባው መንገድ ጠባብ ናት። በአንዱ ጠርዝ ክዳን የሌለው የፍሳሽ ቦይ አለ፤ በሌላው ጠርዝ ማንዳዚና ሻይ የሚሸጡ እናቶች ተደርድረዋል። በሩ አጠገብ ደግሞ ሁለቱን ፍሬቻ እያብለጨለጨች የቆመች መኪና አትጠፋም። ሾፌሩን ብትጠይቁት መልሱ አንድ ነው፦ «አንድ ደቂቃ ብቻ ነው፤ ልጁን አስገብቼ መጣሁ።» ከኋላው ሌላ «አንድ ደቂቃ» ይቆማል፤ ከዚያም ኋላ ሌላ።

ይህን ጽሑፍ ለዓመቱ መጽሔታችን ስናዘጋጅ ወላጆችን ለመውቀስ ብለን አይደለም። ወቀሳ ካለ ቀድሞ የሚደርሰን እኛን ነው፤ ምክንያቱን እንናገራለን።

በመጋቢት ወር ነው፤ ዝናቡ በጀመረበት ሳምንት። አንድ አባት ከበራችን ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ መኪናውን አቆመ። ልጁ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ከአዲስ አበባ ከመጣች ገና ሁለት ወር አልሞላትም ነበር። በግራው በር ወረደች። በመኪናው ፊት በኩል ዞራ ከመንገዱ አፍ ላይ ቆመችና፣ አዲስ አበባ እንዳስተማሯት መጀመሪያ ወደ ግራዋ አየች። መንገዱ ባዶ ነው። አንድ እርምጃ ገባች። ቦዳ ቦዳው የመጣው ግን ከቀኟ ነው፤ የአባቷ መኪና ከልሎት ነበር። ነጂው ፍሬን ይዞ ሞተሩን ወደ ጎን ጣለውና እየተንሸራተተ ሄዶ በማዶ ከቆመው ሚኒባስ ጎማ ጋር ተላተመ። ልጅቷ ወደ ኋላ ስትዘል ወደቀች፤ ጉልበቷ ተላጠ፣ አንድ ጫማዋ ቦዩ ውስጥ ገባ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ የደረሰባት ይኸው ብቻ ነው። የነጂው የእጅ አንጓ ግን ተጎዳ።

ወዲያው ሰው ተሰበሰበ። እንደተለመደው ጩኸቱ ሁሉ በቦዳ ቦዳው ላይ ሆነ፤ አንዳንዱ እጁን ለመሰንዘርም ከጅሎ ነበር። በዚህ መሐል ከማንዳዚ ሻጮቹ አንዷ፣ ሁሉን ነገር ከመነሻው ያየች እናት፣ መሐል ገብታ «ሃና ማኮሳ! ሃና ማኮሳ!» እያለች ትጮኽ ጀመር፤ ጥፋት የለበትም ማለቷ ነው። እውነቷን ነበር። ነጂው በፍጥነት አልመጣም። መንገዱ ጠቦበት የቆመውን መኪና ታክኮ ማለፍ ግድ ሆነበት እንጂ።

መንገዱን ያጠበበው ማን ነበር? በማዶ የቆመው ሚኒባስ ነው። ሚኒባሱ ደግሞ የትምህርት ቤታችን ነው።

ለብዙ ዓመታት ሚኒባሳችን የሚያድረውም የሚውለውም በሩ አጠገብ፣ ቀለሙ በለቀቀው የእግረኛ ማቋረጫ ላይ ነበር። እዚያ እንዲቆም ያዘዝነው እኛው ነን። ምክንያታችን በጊዜው በቂ መስሎን ነበር፤ በዚህ ከተማ ስፖኪዮ በቀን ብርሃን ይነቀላል፣ ከበሩ አጠገብ ከቆመ ግን ዘበኛችን ከወንበሩ ሳይነሣ ያየዋል። ግቢው ውስጥ እንዳናስገባው የመረብ ኳሱ ሜዳ ይጠባል አልን። ስለዚህ ለሁለት መስተዋት ብለን የልጆቹን መሻገሪያ ዘጋንባቸው። በየስብሰባው «እባካችሁ በር ላይ አታቁሙ» ስንል፣ ወላጆች ከኋላችን የቆመውን ሚኒባስ እያዩ ያዳምጡን ነበር።

ነጂውን ወደ ክሊኒክ ወስደን ካሳከምነው በኋላ፣ በዚያው ሳምንት አንድ ነገር ለማድረግ ተስማማን። ደንብ ከመጻፋችን በፊት ልጆቹ መንገዱን እንዴት እንደሚያዩት ማወቅ ነበረብን። የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች ሜትርና ጠመኔ ይዘው ወጡ። የአንደኛ ክፍል ሕፃናትን አንድ በአንድ በግቢው በር ላይ አስደግፈው፣ ዓይናቸው የደረሰበትን ቦታ በጠመኔ አሰመሩ። አብዛኞቹ መስመሮች ከመሬት 1 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር አልዘለሉም። ከዚያ ያንኑ ቁመት በቆሙት መኪኖች ላይ ለኩ። ለሚኒባሱ ልኬት እንኳ አላስፈለገም፤ የአንደኛ ክፍል ልጅ ከኋላው ቢቆም ራሱ ከመስኮቱ ጠርዝ በታች ነው። ያስደነገጠን ሌላው ነው። ከወላጆች አንዱ የሚነዳት ከፍ ያለች የገጠር መኪና ኮፈኗ ከሕፃናቱ ዓይን እኩል መጣ። ልጁ በላይዋ አሻግሮ ማየት አይችልም፤ ሾፌሩም ከፊቱ የቆመውን ልጅ አያየውም።

እኛ ትልልቆቹ በሁለት መኪኖች መሐል ስናልፍ አንገታችንን ብቻ ቀና አድርገን መንገዱን እናያለን። ለልጁ ግን የቆመ መኪና ግድግዳ ነው። ከግድግዳው ጥግ ካልወጣ በቀር የሚመጣውን አያይም፤ ለማየት ሲወጣ ደግሞ እግሩ መንገዱ ውስጥ ገብቷል። በዚህ ላይ አሥር ዓመት ያልሞላው ልጅ የሚመጣው መኪና ምን ያህል እንደሚርቅና ምን ያህል እንደሚፈጥን መገመት ይከብደዋል። ይህ የጨዋነት ወይም የስንፍና ጉዳይ አይደለም፣ የዕድሜ ነው። «ስንቴ ነግሬዋለሁ!» የሚሉ ወላጆች አሉ። መንገር ጥሩ ነው፤ ዓይኑን ከፍ አያደርግለትም እንጂ።

ወደ ግራና ቀኙ ጉዳይ እንመለስ፤ ለእኛ ማኅበረሰብ ከሁሉም የሚከብደው ይኸው ነውና።

በኢትዮጵያ መኪና በቀኝ ይሄዳል። ስለዚህ መንገድ ዳር የቆመ እግረኛን መጀመሪያ የሚደርስበት መኪና ከግራው የሚመጣው ነው። በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ መኪና በግራ ይሄዳል፤ መጀመሪያ የሚደርሰው ከቀኝ የሚመጣው ነው። ሞያሌ ላይ ድንበር የሚሻገር ሾፌር የመንገዱን ጎን ይቀይራል፤ የእግረኛውን ልማድ የሚቀይርለት ግን የለም። በዕድሜ የገፉ አያቶች ያሏችሁ ልጆች ጠይቋቸው፤ ኢትዮጵያም ብትሆን እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ የምትነዳው በግራ ነበር፤ በዚያ ዓመት ነው ወደ ቀኝ የዞረችው። ሱዳንም በ1973 እ.ኤ.አ. እንዲሁ አድርጋለች። በካርቱም በኩል ዞረው ወደዚህ የመጡ ቤተሰቦቻችን ልጆች እንግዲህ የሚያውቁት ቀኙን ነው።

ከመጋቢት በፊት በታችኞቹ ክፍሎች የምናስተምረው «ቀኝ፣ ግራ፣ እንደገና ቀኝ» የሚል ነበር። ለናይሮቢ ትክክል ነው። ግን የልጆቻችን ኑሮ አንድ ቦታ የረጋ አይደለም። ለዕረፍት አዲስ አበባ አያቱ ዘንድ የሚሄደው ልጅ ይህንኑ ቃል በቃል ይዞ ቢሄድ፣ እዚያ የሚጎዳው እኛ ያስተማርነው ትምህርት ይሆናል። መምህራን ተመካክረን ቃሉን በጥያቄ ለወጥነው። ልጁ ከመንገድ ዳር ሲቆም መጀመሪያ ራሱን የሚጠይቀው «ለእኔ የቅርቡ መኪና ከየት በኩል ይመጣል?» ብሎ ነው። ወደዚያ ያያል፤ ከዚያ ወደ ሌላው፤ ከዚያ ተመልሶ ወደ መጀመሪያው። የሁለተኛ ክፍል ልጆች ይህን በሦስት ቀን ለመዱት። ያቺ ጉልበቷ የተላጠው ልጅ እንዲያውም ለክፍል ጓደኞቿ በሁለት ወንበር መሐል ቆማ ታሳያቸው ነበር፤ አንዴ «አሁን አዲስ አበባ ነን» አንዴ «አሁን ናይሮቢ ነን» እያለች።

ለቦዳ ቦዳ ግን ይህም ጥያቄ አይበቃም። ቦዳ ቦዳ ከቀኝም ከግራም፣ በእግረኛው መንገድ ላይም ይመጣል። ልጆቹ ይህን ከእኛ ቀድመው ያውቁታል።

ልጁ በቆሙ መኪኖች መሐል መሻገር ግድ ከሆነበት፣ ሁለት ጊዜ እንዲቆም ታስተምሩት ዘንድ እንለምናለን። የመጀመሪያው ከመንገዱ ጠርዝ ላይ ነው። ሁለተኛው ከቆመው መኪና የውጭ ጥግ ላይ ነው፤ እዚያ ሲደርስ ሰውነቱን ሳይሆን አፍንጫውን ብቻ ያውጣና እንደገና ይይ። ከመቆሙ በፊት መኪናው ውስጥ ሾፌር መኖሩን፣ ሞተሩ መነሣቱን፣ የኋላው ነጭ መብራት መብራቱን ይመልከት። ነጩ መብራት ከበራ መኪናው ወደ ኋላ ሊሄድ ነው፤ በዚያ በኩል ማለፍ የለም።

የላይኞቹ ክፍሎች ደግሞ ይህንኑ ጉዳይ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ሠርተውታል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ ወደ 14 ሜትር ይጓዛል። ሾፌሩ ልጁን አይቶ እግሩ ፍሬን እስኪነካ አንድ ሴኮንድ ያህል ይወስድበታል፤ በእነዚያ 14 ሜትሮች መኪናው ፍጥነቱን አልቀነሰም። ከዚያ በኋላ በደረቅ አስፋልት ለመቆም ሌላ 14 ሜትር ገደማ ይፈልጋል፤ ድምሩ 28 ሜትር ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄደውስ? አንድ ሴኮንዱ ከ8 ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ፍሬኑ ሌላ 5 ሜትር ይወስዳል፤ 13 ሜትር ላይ ቆሟል። ከሰባተኛ ክፍል አንድ ተማሪ ሁለቱን መስመሮች በሰሌዳው ላይ አንዱን ከአንዱ በታች ስሎ ቆየና «ጋሼ፣ ቀርፋፋው በቆመበት ቦታ ፈጣኑ ገና ፍሬን አልነካም ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀ። አዎ፣ ማለት ይኸው ነው። ዝናብና ቀይ ጭቃ ሲጨመር ደግሞ ርቀቱ ይረዝማል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ በዓመት ወደ 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ አደጋ እንደሚሞት ገልጿል፤ ከ5 እስከ 29 ዓመት ላሉ ልጆችና ወጣቶችም ቀዳሚው የሞት ምክንያት ይኸው ነው። ወባን እንፈራለን፣ አጎበር እንዘረጋለን፤ ደግ እናደርጋለን። ልጁን መንገድ መሐል አውርዶ መሄድ ግን ገና እንደ ክፉ ነገር አልተቆጠረም።

አሁን ስለ መኪናው በር። ብዙዎቻችን መኪና መንዳት የተማርነው መሪው በግራ በሆነበት አገር ነው። እዚህ መሪው በቀኝ ነው፤ ሾፌሩ የሚወርደው ወደ መንገዱ መሐል፣ ልጁ መውረድ ያለበት ደግሞ በግራ፣ ወደ ጠርዙ ነው። ስለዚህ ልጅ ከኋላ በግራ በኩል ይቀመጥ። ሁለትና ሦስት ልጆች ካሉ ሁሉም እየተንሸራተቱ በዚያው በግራው በር ይውረዱ፤ የቀኙ የኋላ በር በልጆች መቆለፊያው ይዘጋ። ለመቅረብ ሲባል ከበራችን ጎን በተቃራኒ አቅጣጫ ዞሮ የሚቆም ካለ፣ የግራው በር ወደ መኪኖቹ ይከፈታልና ጥቅሙ ሁሉ ይገለበጣል። መኪናው ማዶ ቆሞ ልጁ ብቻውን እንዲሻገር መላክ ምን እንደሚያመጣ ከላይ ተናግረናል። ቦርሳ ከኋላ ሣጥን ለማውጣት ልጁን መንገድ ላይ ማስጠበቅም አለ፤ ቦርሳውን እቅፉ ላይ ያድርግ።

በቦዳ ቦዳ ለሚመጡ፦ የኬንያ ሕግ ከነጂው በቀር አንድ ሰው ብቻ እንዲጫን ነው የሚፈቅደው። በአንድ ሞተር ሦስት ልጆች፣ አንዱ በታንከሩ ላይ፣ ሄልሜት የሌለው፣ እንዲህ ሲመጡ በየቀኑ እናያለን። የሺሊንጉ ነገር እንደሚከብድ እናውቃለን። በአንድ ሰፈር ያሉ ቤተሰቦች ተሰባስበው ልጆቹን አንድ ትልቅ ሰው በእግር ቢያመጣቸው ከዚያ ይሻላል፤ በዚህ ዓመት ሁለት ሰፈሮች ጀምረውታል።

ከመጋቢት በኋላ ምን አደረግን? ሚኒባሱ ገባ። የመረብ ኳሱ ሜዳ በእውነትም ጠበበ፤ ልጆቹ ለሳምንት አጉረምርመው ተዉት። ከበሩ በሁለቱም በኩል የቆሙ መኪኖች እንዳይኖሩ ኮን አደረግን፤ ከግቢው 150 ሜትር ያህል ርቆ ያለውን ሰፊ ቦታ ባለቤቱ ፈቅደውልን መኪኖች እዚያ እንዲያወርዱ ጠየቅን። ከዚያ ጀምሮ ልጆቹ ከአንድ መምህርና ከሁለት የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ጋር ተሰልፈው በእግር ይመጣሉ። በዕውነት ለመናገር ኮኖቹ በመጀመሪያው ወር ሁለቴ ተሰረቁ።

የወላጆች ስብሰባ ቀላል አልነበረም። አንድ አባት ተነሥተው «እኔ በር ድረስ የማደርሰው ለልጄ ደኅንነት ብዬ ነው፤ እናንተ ደግሞ ሩቅ አውርደው ትሉኛላችሁ» አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የእርሳቸው ልጅ በር ላይ ሲወርድ በእርግጥም ደኅና ነው። ያ መኪና የሚከልለው ከኋላ በእግሩ የሚመጣውን የሌላ ሰው ልጅ ነው፤ በማግሥቱም ሌላው መኪና የእርሳቸውን ልጅ ይከልለዋል። አንዲት እናት ደግሞ ሕፃን በጀርባ፣ ሁለት በእጅ ይዘው 150 ሜትር መሄድ በዝናብ ምን እንደሚመስል ነገሩን። ለዚህ ጥሩ መልስ አላገኘንም። ጃንጥላ ገዝተን ሰልፉን እንዲቀበል አደረግን፤ በከባድ ዝናብ ቀን ግን መኪኖቹ ዛሬም ወደ በሩ ይመጣሉ፤ እኛም በሩ ላይ ቆመን አንድ በአንድ እያስቆምን እናስወርዳለን። መራመድ ለሚቸገሩ ተማሪዎች ከበሩ ውስጥ፣ ከግቢው፣ አንድ የመቆሚያ ቦታ ለብቻ ተለይቷል። እርሱን ማንም እንዳይይዝብን።

«ረፍዶብኛል» የሚለውን ምክንያት ግን አንቀበልም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እዚህ የሚፈሰው የሚለቀም አይደለም። ልጅ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ቢገባ የምናጎድለው የአንድ ጸሎትና የአንድ መዝሙር ጊዜ ነው። የቅጣት መዝገቡም ከዚህ ዓመት ጀምሮ በእግር ሰልፉ ዘግይተው የሚመጡትን አይመዘግብም፤ ለዘበኛችን ነግረናል።

የቦዳ ቦዳው ነጂ እጁ ድኗል። አሁንም በዚያችው መንገድ ይሠራል፤ ከበራችን ሲደርስ ክላክስ አያደርግም፣ ፍጥነቱን ይቀንስና እጁን ያነሣል። ያቺ ልጅ ሁልጊዜ መልሳ እጇን ታነሣለች። የጠመኔው መስመር ዝናብ ስላጠበው በነጭ ቀለም አድሰነዋል፤ በግቢው በር ላይ፣ ከመሬት 1 ሜትር ከ10።

በሚቀጥለው ተርም መክፈቻ ዕለት ለወላጆች አንድ የቤት ሥራ አለ። ልጃችሁን ከማውረጃው ቦታ እስከ በሩ ድረስ ይዛችሁ በእግር ኑ፤ ግን እናንተ አትምሩ፣ ልጁ ይምራችሁ። የት እንደሚቆም፣ ወደየት እንደሚያይ፣ ምን እንደከለለው ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። በሩ ላይ ስትደርሱ ከነጩ መስመር እኩል ጎንበስ በሉና የመጣችሁበትን መንገድ ከዚያ እዩት። ያያችሁትን ለበር ተረኛው መምህር ንገሩን፤ መዝገቡን ይዞ ይጠብቃችኋል።